የብራንድ ቀለሞች አመራረጥ፦ መጀመሪያ ሥራቸው፣ ከዚያ ስማቸው

ለብራንዱ ቀለም መምረጥ የጀመረ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ለእኛ የሚሆነን ቀለም የቱ ነው?» መልስ ደግሞ አይጠፋም። ኢንተርኔት ላይ በየቦታው የሚዞር ሰንጠረዥ አለ። ሰማያዊ መታመን ነው፣ ቀይ ጉልበት ነው፣ አረንጓዴ ጤና ነው፣ ሐምራዊ ክብር ነው ይላል። ሰውየው ከሰንጠረዡ ደስ ያለውን ጠባይ ይመርጣል፣ ከጎኑ ያለውን ቀለም ይወስዳል፣ ሥራውም ያለቀ ይመስለዋል።

እኔ በዚህ መንገድ እንድትጀምሩ አልመክርም። ቀለም ከነትርጉሙ አይወለድም። አይቢኤም ሰማያዊ ነው። ፌስቡክ ሰማያዊ ነው። ፔፕሲም፣ ፎርድም ሰማያዊ ናቸው። ኮምፒውተር፣ ማኅበራዊ ሚዲያ፣ ለስላሳ መጠጥና መኪና በአንድ ቀለም ተገናኙ ማለት ነው። ስለ አራቱም አንድ ዓይነት ነገር የሚያስብ ሰው ግን የለም። ዕቃ አድራሹን ዩፒኤስን ደግሞ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. ከ1916 ጀምሮ ቀለሙ ቡናማ ነው። ያኔ የተወሰደው ከቅንጡዎቹ የፑልማን ባቡር ፉርጎዎች ነበር፤ ቆሻሻም ቶሎ አይታይበትም። ቡናማን «ፈጣንና የታመነ መልእክተኛ» ብሎ የሚተረጉም ሰንጠረዥ አይቼ አላውቅም። ያንን ትርጉም ለቡናማው የሰጡት በየቀኑ በየበሩ የሚደርሱት መኪኖች ናቸው።

ትርጉሙ ከቦታ ቦታም ይገለበጣል። በአክሲዮን ገበያ ስክሪን ላይ ቀይ በአሜሪካና በአውሮፓ «ዋጋ ወረደ» ማለት ነው። በቻይናና በጃፓን ግን «ዋጋ ወጣ» ማለት ነው። ስለዚህ ምርታችሁ የሚሸጥበት አገር ቀለሙን በምን እንደሚያውቀው መጠየቅ ተገቢ ነው። ደማቅ ቀለም ይጮኻል፣ ደብዛዛ ቀለም ረጋ ያለ ስሜት ይሰጣል፤ ይህንንም አልክድም። ችግሩ ከዚህ አልፎ አንድን ቀለም ነጥሎ ሙሉ ጠባይ ማሸከሙ ላይ ነው። ከዚያ ይልቅ የሚጠቅመው ጥያቄ ይህ ቀለም ምን ሥራ ይሠራልናል የሚለው ነው።

የመጀመሪያው ሥራ፦ መለየት

ብራንድ ቀለም የሚያስፈልገው ከሁሉ በፊት ከሩቅ እንዲታወቅ ነው። ጀርመናዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄድቪግ ፎን ሬስቶርፍ እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተመችው ጥናት፣ ከተመሳሳይ ነገሮች መካከል የተለየው በተሻለ እንደሚታወስ አሳይታለች። ለእኛ ጉዳይ ከዚህ የበለጠ ቀጥተኛ መመሪያ የለም።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከእናንተ ሳይሆን ከተፎካካሪዎቻችሁ ነው። በእናንተ ዘርፍ ያሉትን ድርጅቶች አርማ ሰብስባችሁ አንድ ገጽ ላይ ደርድሩ። ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩት። ፊደሎቹ ይጠፋሉ፤ የሚቀረው ቀለም ብቻ ነው። አብዛኛው ጊዜ ገጹ በሁለት ወይም በሦስት ቀለም ተይዞ ታገኙታላችሁ። ያልተያዘው ቦታ ወዲያው ይታያል። የጀርመኑ ቴሌኮም ድርጅት በሰማያዊና በቀይ በተሞላ ዘርፍ ውስጥ ማጀንታን (ወደ ሐምራዊ የሚያደላውን ደማቅ ሮዝ) ይዞ ዛሬ በዚያ ቀለም ብቻ ይታወቃል።

መለየት ሲባል ግን ከዘርፉ መውጣት ማለት አይደለም። ደንበኛው ምን እንደምትሸጡ እስኪጠፋው ድረስ ከራቃችሁ ሌላ ችግር ይመጣል። ደግሞም ልዩነት የሚመጣው በቀለሙ ዓይነት ብቻ አይደለም። ሁሉም ደማቅ ሰማያዊ በሆነበት ዘርፍ በጣም የጠቆረ፣ ከሞቀ ብርቱካናማ ጋር የተጣመረ ሰማያዊም ራሱን ችሎ ይታያል።

ለብዙ ዓመት በጽናት የተያዘ ቀለም የሕግ ከለላም ሊያገኝ ይችላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1995 በኳሊቴክስ ጉዳይ ላይ የሰጠው ውሳኔ፣ ቀለም ብቻውን የንግድ ምልክት ሊሆን እንደሚችል አረጋግጧል። ክርክሩ የተነሳው በልብስ መተኮሻ ማሽን ሽፋን አረንጓዴ-ወርቃማ ቀለም ነበር። ዋናው ነጥብ ሰዎች ቀለሙን ሲያዩ ድርጅቱን ማስታወሳቸው ነው። ቲፋኒ የሚባለው የጌጣጌጥ ድርጅት ሰማያዊውን በንግድ ምልክትነት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን፣ ለቀለሞች መለያ ቁጥር የሚያወጣው ድርጅት ፓንቶን ለዚያ ቀለም የሰጠው ቁጥር 1837 ነው፤ ድርጅቱ የተመሠረተበት ዓመት። ለጀማሪ ይህ ሩቅ ነው። ግን አንድ ነገር ያስተምራል፦ ዋጋው ያለው አንዱን ይዞ በመቆየት ላይ ነው።

ሁሉም አጥቂ ከሆነ ቡድን አይሆንም

ስለ አንድ ቀለም ብዙ አወራን። ነገር ግን ብራንድ በአንድ ቀለም አይኖርም። ድረ ገጽ፣ ማሸጊያ፣ ደረሰኝ፣ ማስታወቂያ፣ የሠራተኛ መታወቂያ አለው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር አምስት የሚያምሩ ደማቅ ቀለሞችን መሰብሰብ ነው። ለየብቻ ያምራሉ። አብረው ሲቀመጡ ግን ሁሉም ጎል ማግባት የሚፈልጉበት የእግር ኳስ ቡድን ይሆናሉ።

የሚሠራ የቀለም ስብስብ የሥራ ድርሻ አለው። አንድ ዋና ቀለም ይኖራል፤ ሰው ድርጅቱን የሚያስታውሰው በእሱ ነው። አንድ ወይም ሁለት አጋዥ ይኖራሉ። ከእነዚህ አንዱ ለየት ብሎ የሚያበራ ቢሆን ጥሩ ነው፤ «አሁን ግዛ»፣ «ተመዝገብ» የሚሉት አዝራሮች በእሱ ይሠራሉ። ያ ቀለም ሌላ ቦታ ላይ እንደ ጌጥ ከተረጨ ግን ኃይሉን ያጣል።

ከዚያ ደግሞ ማንም የማያወራላቸው ግን አብዛኛውን ቦታ የሚይዙት አሉ፦ ነጩ፣ ጥቁሩና ግራጫዎቹ። የጽሑፉ ቀለም፣ የገጹ መደብ፣ መስመሮቹ ሁሉ እነሱ ናቸው። እኔ ብጠየቅ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ እላለሁ። ፍጹም ገለልተኛ የሆነ ግራጫ ከሞቀ ዋና ቀለም ጎን ሲቀመጥ ይቀዘቅዛል፣ ባዕድ ይመስላል። በግራጫው ውስጥ ጥቂት የዋናው ቀለም ጠብታ ሲገባ ገጹ በሙሉ አንድ ቤተሰብ ይሆናል። አንባቢው ምን እንደተደረገ አያውቅም፤ ብቻ ገጹ ደስ ይለዋል።

መጠኑን በተመለከተ ከቤት ውስጥ ማስዋብ ሥራ የመጣ የታወቀ ልማድ አለ፦ 60 በመቶ ገለልተኛ ወይም ሰፊው ቀለም፣ 30 በመቶ ሁለተኛው፣ 10 በመቶ ጎላ ብሎ የሚታየው። ሕግ አይደለም፤ በሚሊሜትር የሚለካም አይደለም። የሚያስታውሰው ነገር ግን እውነት ነው፦ እኩል የተከፋፈሉ ቀለሞች ዓይንን ያደክማሉ፤ የትኛው ዋና እንደሆነም አይታወቅም።

ትልቁ ጉዳይ፦ ምን ያህል ፈካ፣ ምን ያህል ጠቆር

አሜሪካዊው ሠዓሊና መምህር አልበርት መንሴል በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ቀለምን በሦስት መለኪያ መደበ። አንደኛው ዓይነቱ ነው፤ ቀይ ነው ወይስ ሰማያዊ። ሁለተኛው ፍካቱ ነው፤ ለነጭ ይቀርባል ወይስ ለጥቁር። ሦስተኛው ድምቀቱ ነው፤ ንጹሕ ነው ወይስ ደብዛዛ። ሰው ቀለም ሲመርጥ የሚከራከረው ስለ መጀመሪያው ነው። ገጹ እንዲነበብ ወይም እንዳይነበብ የሚያደርገው ግን ሁለተኛው ነው።

በጥቁር አረንጓዴ መደብ ላይ በደማቅ ቀይ የተጻፈ ጽሑፍ አስቡ። ቀይና አረንጓዴ በስም እጅግ የተራራቁ ናቸው። ሰው «በደንብ ይለያል» ብሎ ሊያስብ ይችላል። በፍካታቸው ግን ጎረቤት ናቸው። በስክሪን ላይ ንጹሑን ቀይና ጥቁሩን አረንጓዴ ወስዳችሁ ኮንትራስታቸውን፣ ማለትም የፍካታቸውን ልዩነት፣ ብትለኩ 1.3 ለ 1 እንኳ ላይሞላ ይችላል። ጽሑፉ ዓይን ውስጥ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይነበብም።

ኮንትራስት በቁጥር መለካት መቻሉ ትልቅ ነገር ነው። ዓለም አቀፉ የድር ደረጃዎች ተቋም ባወጣው የተደራሽነት መመሪያ መሠረት፣ ተራ ጽሑፍ ከመደቡ ጋር ቢያንስ 4.5 ለ 1 ኮንትራስት ሊኖረው ይገባል። ለትልልቅ ፊደላት 3 ለ 1 ይበቃል። የመጨረሻው ጣሪያ 21 ለ 1 ነው፤ ጥቁር በነጭ ላይ።

አሁን ንጹሕ ቀለሞችን በነጭ ላይ እንለካ። ሰማያዊ 8.6 አካባቢ ያመጣል፤ ያለችግር ያልፋል። ቀይ 4 ላይ ይቆማል፤ ለተራ ጽሑፍ በትንሹ ይወድቃል። አረንጓዴ 1.4 አይሞላም። ቢጫ 1.07 ነው፤ ነጭ በነጭ ላይ እንደመጻፍ ነው። ልዩነቱ የመጣው ከዓይናችን ነው። ስክሪን ቀለም ከሚሠራባቸው፣ እኩል ኃይል ካላቸው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መብራቶች መካከል አረንጓዴው ለእኛ እጅግ ብሩህ ነው፤ በስሌቱ ውስጥ 71 በመቶ የሚሆነውን ብርሃን የሚሰጠው እሱ ነው። ሰማያዊው 7 በመቶ ገደማ ብቻ ነው ያለው። ቢጫ ደግሞ ከቀይና ከአረንጓዴ መብራት ድምር ይሠራል። ለዚህ ነው ያን ያህል የሚያበራው።

ስለዚህ ብራንዳችሁ ቢጫ ይሁን? ለምን አይሆንም! ጥቁር ጽሑፍ በቢጫ ላይ ከ19 ለ 1 በላይ ኮንትራስት አለው። ከሩቅ የሚነበብ፣ የማይረሳ ጥምረት ነው። ብቻ ቢጫውን ከጽሑፍ ሥራ አውጡትና መደብ አድርጉት። የቀለም ሥራ መመደብ ስል ይህን ነው። ቀለሙ ጥፋት የለበትም፤ የማይችለው ቦታ ላይ ተቀምጦ ነው።

በዚህ ረገድ በብዛት የማየው ስህተት በግራጫ የተጻፈ ፈዛዛ ጽሑፍ ነው። ዲዛይነሩ ንጹሕና ዘመናዊ እንዲመስል ይፈልጋል። በስክሪኑ ላይ ሦስቱም መብራቶች ከ0 እስከ 255 ባለው ልኬት 153 ሲሆኑ የሚወጣው ግራጫ በነጭ ላይ 2.85 ብቻ ነው። ወደ 118 ሲወርድ 4.54 ይሆናል፤ ልክ ወሰኑን ያልፋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለውበቱ ምንም አያጎድልም። ፀሐይ ላይ ቆሞ ስልኩን ለሚያነብ ሰው ግን ማንበብና አለማንበብ ነው። ይህን ነገር ችላ የሚል ሥራ ሳይ ከልቤ አዝናለሁ። ዕድሜው የገፋ፣ ዓይኑ የደከመ ሰው ሁሉ ደንበኛ ነው።

ቀላሉ መፈተኛ ይኸው፦ የሠራችሁትን ገጽ ወይም ማሸጊያ ፎቶ አንስታችሁ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ዋናው ነገር አሁንም ጎልቶ ከታየ፣ አዝራሩ ከመደቡ ከተለየ፣ ጽሑፉ ከተነበበ መሠረቱ ጥሩ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆነ ግን የትኛውም የቀለም ዓይነት አያድናችሁም። እኔ እንዲያውም ስብስቡን ከግራጫ ደረጃዎች ጀምሮ፣ ቀለሙን ኋላ ላይ መጨመር ይሻላል ባይ ነኝ። ለዋናው ቀለም አንድ ብቻ ሳይሆን ከፈዛዛ እስከ ጥቁር የሚሄዱ በርካታ ደረጃዎች አዘጋጁለት። ፈዛዛው ለመደብ፣ መካከለኛው ለአዝራር፣ ጠቆር ያለው ለጽሑፍ ይሆናል።

ጎረቤት ቀለም ይለውጣል

እ.ኤ.አ. በ1824 ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ዩዤን ሼቭረል በፓሪስ የጎብለን ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሆነ። ፋብሪካው የግድግዳ ጌጥ ጨርቆችን ይሸምን ነበር። አቤቱታ ቀረበለት፤ ጥቁሩ ክር ደካማ ነው፣ አይጠቁርም ተባለ። ሼቭረል ማቅለሚያውን መረመረ፤ ምንም እንከን አላገኘም። ችግሩ የነበረው ጥቁሩ ከሰማያዊና ከሐምራዊ ክሮች ጎን መቀመጡ ነው። ጎረቤቶቹ መልኩን ይለውጡት ነበር። ይህንን ለዓመታት አጥንቶ በ1839 አሳተመው።

ሁለት ቀለሞች ጎን ለጎን ሲሆኑ ዓይን ልዩነታቸውን ያጋንናል። ግራጫ በቀይ መካከል ሲቀመጥ ወደ አረንጓዴ ያደላ ይመስላል። አንድ ዓይነት ብርቱካናማ በጥቁር ላይ ያበራል፣ በቢጫ ላይ ይደበዝዛል። ስለዚህ ቀለሞችን በተለያዩ ትንንሽ ካሬዎች ደርድሮ መምረጥ ያሳስታል። ማንም ደንበኛ ብራንዳችሁን በካሬ መልክ አያየውም። እውነተኛ ነገር ላይ አድርጋችሁ እዩት፦ ሙሉ ገጽ፣ ሙሉ ማሸጊያ፣ ሙሉ ማስታወቂያ። ካሬው ላይ ያሸነፈው ስብስብ እዚያ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ይሸነፋል።

ስለ ቀለም ክብ፣ ቀለሞች በተርታ በክብ ስለተደረደሩበት ሥዕል፣ ደግሞ ብዙ ስለሚባል ባጭሩ፦ በክቡ ላይ የሚቀራረቡ ቀለሞች ሰላማዊ ይሆናሉ፣ ፊት ለፊት ያሉት ይጋፈጣሉ። መነሻ ሐሳብ ለማግኘት ይረዳል። ፍካትንና መጠንን ግን አይነግራችሁም፤ ስለዚህ ውሳኔውን ለእሱ አትስጡት።

ሁሉም ሰው እንደ እናንተ አያይም

ዝርያቸው ከሰሜን አውሮፓ ከሆነ ወንዶች መካከል ከ12ቱ አንዱ፣ ከሴቶች ደግሞ ከ200ዎቹ አንዷ ቀይና አረንጓዴን በመለየት ይቸገራሉ። በሌሎች ሕዝቦች ቁጥሩ ቢለያይም ችግሩ የትም አለ። ማርክ ዙከርበርግ ራሱ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ሰማያዊ ከሁሉ ጎልቶ እንደሚታየውም ተናግሯል።

መፍትሔው ቀይና አረንጓዴን መከልከል አይደለም። መልእክትን በቀለም ብቻ አለማስተላለፍ ነው። ስህተት ሲኖር ሳጥኑ ከመቅላቱ ጎን ምልክትና ቃል ይኑረው። በግራፍ ላይ ያሉ መስመሮች ስማቸው አጠገባቸው ይጻፍ። እንዲህ ያለውን የቀለም እይታ ችግር አስመስለው የሚያሳዩ ነፃ መሣሪያዎች አሉ፤ ስብስባችሁን በእነሱ አሳልፉት።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ የተረሳ ጉዳይ አለ። አፕ ወይም ድረ ገጽ ካላችሁ ለ«ተሳካ»፣ ለ«ተጠንቀቅ» እና ለ«ስህተት» ቀለም ያስፈልጋል። ዋና ቀለማችሁ ቀይ ከሆነ የ«ግዛ» አዝራርና የስህተት መልእክት ሊመሳሰሉ ነው። ቀይ ብራንድ ያላቸው ይህንን ቀድመው ማሰብ አለባቸው። ለምሳሌ አዝራሩን ጥቁር አድርጎ፣ ቀዩን ለአርማና ለሰፊ መደብ ማስቀረት ይቻላል።

ከስክሪን ወደ ወረቀት

ስክሪን በብርሃን ይሠራል፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መብራት ያዋህዳል። እያንዳንዱ 256 ደረጃ ስላለው ከ16 ሚሊዮን በላይ ውህድ ይወጣል። ማተሚያ ደግሞ በሳያን (ወደ አረንጓዴ በሚያደላ ሰማያዊ)፣ በማጀንታ፣ በቢጫና በጥቁር ይሠራል፤ ወረቀት ብርሃን አያመነጭም። ስለዚህ ስክሪን ላይ የሚንቦገቦገው አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ ወይም ሰማያዊ ሲታተም ይሞታል። የማተሚያ ቤቱ ጥፋት አይደለም፤ ቀለሙ በእነዚያ አራቱ አይደረስበትም።

ፓንቶን እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣው የቀለም ቁጥር ሥርዓት የመጣው ለዚህ ነው። ቀለሙ በቁጥር ይታዘዛል፣ አስቀድሞ ተቀላቅሎ ይታተማል። ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ለሁሉም ነገር ሳይሆን ለዋናው ቀለም፣ ለዋናው ማሸጊያ ብትጠቀሙበት ይበቃል። የወረቀቱንም ዓይነት አትርሱ። ቀለም ባልተለበጠ ወረቀት ውስጥ ሰርጎ ይደበዝዛል። ሁለት ነገሮች በቀን ብርሃን አንድ መስለው በአምፖል ሥር ሊለያዩም ይችላሉ። ናሙናውን በሁለቱም ብርሃን ሳታዩ ብዙ ኮፒ አታሳትሙ።

ሌላው ደግሞ ጨለማ ገጽታ ነው። አይፎንም አንድሮይድም እ.ኤ.አ. በ2019 ይህንን ምርጫ ለሁሉም ተጠቃሚ ካቀረቡ ወዲህ፣ ብራንድ በጥቁር መደብ ላይም መታየት ግድ ሆኖበታል። በነጭ ላይ የሚያምር ጥቁር ሰማያዊ በጥቁር ላይ ይሰወራል። ለዚያ ፈካ ያለ ወንድም አዘጋጁለት።

ውሳኔውና ከዚያ በኋላ

ለውሳኔ ስትሰበሰቡ «የቱ ይሻላችኋል?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሁሉም የሚወደውን ይናገራል፤ ስብሰባውም አያልቅም። ሁለት ወይም ሦስት ስብስብ በእውነተኛ ሥራ ላይ አቅርቡና ጥያቄውን ቀይሩት፦ ከተፎካካሪዎቻችን ይለየናል? ይነበባል? ይታተማል? በአንድ ቀለም ብቻ፣ ለምሳሌ በማኅተም ላይ፣ አርማው ይቆማል? በዚህ ጥያቄ የወደቀ ስብስብ አለቃም ቢወደው ይውደቅ።

ከጊዜ በኋላ መቀየር ካስፈለገ ሁሉንም አንድ ላይ አትንቀሉ። ማክዶናልድስ እ.ኤ.አ. በ2009 በጀርመን ቀዩን መደብ በጥቁር አረንጓዴ መተካት ሲጀምር ቢጫውን ምልክት አልነካውም። ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር በቦታው ነበር።

የተመረጠው ሁሉ በጽሑፍ ይቀመጥ። ለእያንዳንዱ ቀለም የስክሪን ቁጥሩ፣ የማተሚያ ቁጥሩ፣ ካለው የፓንቶን ቁጥሩ ይጻፍ። ሥራውም ይጻፍ፦ ይህ ለጽሑፍ፣ ይህ ለመደብ፣ ይህ ለአዝራር ብቻ። የተፈቀዱት ጥምረቶች ከነኮንትራስታቸው፣ የተከለከሉትም ከነምክንያታቸው ይቀመጡ። አዲስ ዲዛይነር ወይም አዲስ ማተሚያ ቤት ሲመጣ በመጀመሪያው ቀን የሚሰጠው ይህ ሰነድ ነው።